የቆጡን ለማውረድ የብብትን መጣል፦ የፓርቲ መሪ በስደተኛ ላይ ሲጠነክር መራጩ ወዴት ይሄዳል?

የመክፈቻ ጽሑፍ (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2025 የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሻባና ማህሙድ ፓርላማ ውስጥ ቆመው አዲሱን የጥገኝነት ዕቅድ ዘረዘሩ። የስደተኛነት ወረቀት ከእንግዲህ ጊዜያዊ ይሆናል፤ በየሁለት ዓመት ተኩሉ ይመረመራል፤ ያገር ቤት ሁኔታ ተሻሽሏል ከተባለ ይነጠቃል። ቋሚ መኖሪያ ለማግኘት እስከ 20 ዓመት መጠበቅ ይመጣል። መንገዱ ከዴንማርክ የተቀዳ መሆኑን መንግሥት አልደበቀም። በማግስቱ ማክሰኞ ዴንማርኮች የከተማና የአውራጃ ምክር ቤቶቻቸውን መረጡ። ለንደን መድኃኒቱን የቀዳችበት ፓርቲ፣ የወቅቱ የዴንማርክ ጠቅላይ ሚኒስትር የሜተ ፍሬደሪክሰን ሶሻል ዴሞክራት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የመራትን ኮፐንሀገንን አጣ። የመድኃኒቱን ስም ጠይቀን በተመለስን ማግስት ባለመድኃኒቱ ራሱ አልጋ ላይ ወድቆ ተገኘ።

እኔ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። በ2024 ድምፄን ለሌበር (ለሠራተኛው ፓርቲ) ሰጥቻለሁ፤ መሪው ኪር ስታርመርም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ስታርመር በ2020 የፓርቲውን መሪነት ሲወዳደሩ ከገቧቸው ዐሥር ቃሎች አንዱ የስደተኞችን መብት መከላከል ነበር። ሜይ 1 ቀን 2025 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ስደትን አጥብቆ የሚቃወመው የናይጀል ፋራጅ ሪፎርም ፓርቲ 677 መቀመጫ ሰብስቦ ዐሥር ምክር ቤቶችን ያዘ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ስታርመር መድረክ ላይ ወጥተው አገሪቱ የእንግዶች ደሴት እንዳትሆን ሲሉ አስጠነቀቁ። በጁን መጨረሻ ደግሞ በዚያ ቃል መጸጸታቸውን ተናገሩ። 2025 ወደ ማብቂያው ሲቃረብም በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ሪፎርም ቀዳሚ ነበር።

አባባሌ አጭር ነው፦ ስታርመር የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ጣሉ። ጥያቄዬ ደግሞ፣ በየአገሩ ያላችሁ ያያችሁት ከዚህ ይለያል ወይ?

ከዚህ በታች ያለው፣ ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ረዝሞ መከታተል አቅቶኛል ላላችሁ፣ የመጡትን መልሶች በቅደም ተከተል በራሴ ቃል የተረክሁት ነው። ማንንም ቃል በቃል አልጠቀስሁም። የተሳሳትሁ ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

መልስ 1። የጻፈችው በርሚንግሃም በአንድ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። በጨዋ ሰላምታ ጀመረች፤ የተስማማችውም ሙሉ በሙሉ ነው። በክፍሏ ውስጥ ለብዙ ዓመት አብሯት የሠራ፣ ሁልጊዜ ሌበርን ይመርጥ የነበረ እንግሊዛዊ አስታማሚ አለ። ይህ ሰው የስታርመርን የሜይ ንግግር ከሰማ በኋላ ወደ ሌበር ተመልሶ እንደሆነ ጠየቀችው። የሰጣት መልስ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ፋራጅ ልክ ነው ካሉማ ፋራጅን የማልመርጥበት ምክንያት ምንድን ነው የሚል ይዘት ያለው ነበር። በሌላ በኩል፣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የምትሠራ ናይጄሪያዊት ጓደኛዋ፣ ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ለዚያ ሥራ ከውጭ ሰው የሚገባበት ቪዛ መዘጋቱንና ቋሚ መኖሪያ ለማግኘት የሚጠበቀው አምስት ዓመት ወደ ዐሥር እንዲያድግ መታሰቡን ስትሰማ የሌበር አባልነት ካርዷን መለሰች። ነርሷ የደመደመችው በአንድ ተረት ነው፦ የሰው ወርቅ አያደምቅም።

መልስ 2። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚለውን ጽፎ ሄደ። በክሩ ውስጥ ብዙ አውራ ጣት ያገኘው ይህ መልስ መሆኑ ትንሽ አናድዶኛል፤ እኔ ሦስት አንቀጽ ጽፌ እሱ በአንድ መስመር በለጠኝ።

መልስ 3። ሊድስ የሚኖር የፍርድ ቤት አስተርጓሚ እኔን ሊያርም መጣ። የስታርመርን ቃል የእንግዶች ደሴት ብዬ መተርጎሜ አልጣመውም። በእኛ ቋንቋ እንግዳ ማለት የማናውቀው ሰው ብቻ ሳይሆን ደጅ የደረሰ፣ ውኃ የሚቀርብለት፣ መደብ የሚለቀቅለት ሰውም ነው። የእንግዶች ደሴት ያልሁትን አንዲት የአዲስ አበባ አሮጊት ብትሰማው ደግ አገር መስሏት ትመርቃቸዋለች አለ። ትክክለኛው የባዕዳን ደሴት ነው፤ እንግሊዞቹ በጆሯቸው የሰሙት የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው የሞላበትን አገር ነውና። ቀጥሎም ቃሉ ያን ያህል ጫጫታ ያስነሣበትን ምክንያት አስታወሰን፦ በ1968 ኢኖክ ፓወል የተባለው የወግ አጥባቂ ፖለቲከኛ እዚያው በርሚንግሃም ውስጥ ባደረገው ንግግር፣ እንግሊዞች በገዛ አገራቸው ባዕድ ሆነዋል ብሎ ነበር። የስታርመር ቢሮ መመሳሰሉን አልተቀበለም። ስታርመር በኋላ ሲጸጸቱ ንግግሩን በሚገባ እንዳላዩት ተናገሩ፤ በዚያው ቀን ሌሊት የቤተሰባቸው ቤት በእሳት ተለኩሶ ስለነበር ሐሳባቸው ሌላ ቦታ እንደነበረ ጨምረው። አስተርጓሚው ለዚህኛው ክፍል አዝኖላቸዋል፤ ያላነበቡትን ንግግር ማንበባቸውን ግን አልማራቸውም።

እርማቱን ተቀብያለሁ። መክፈቻውን ግን አልነካሁትም፤ ብነካው መልስ 3 ትርጉም ያጣል።

መልስ 4። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጠነከረው። ኮፐንሀገን ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ፣ በመጋዘን ሥራ የሚተዳደር ሰው ጻፈ። አክብሮቱ ሳይጓደል፣ እኔ ዴንማርክን የማላውቅ መሆኔን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረኝ። በጁን 2015 በተደረገው ምርጫ የስደተኛ ጠል ፓርቲ የሆነው የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ 21.1 በመቶ አግኝቶ ከአገሪቱ ሁለተኛ ሆኖ ነበር። የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ሄለ ቶርኒንግ ሽሚት ሥልጣን ለቀቁና ፍሬደሪክሰን በዚያው ወር መሪ ሆኑ። ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ መስመሩን ቀየሩት፦ ስደተኛ ሲበዛ የሚጎዳው ሀብታሙ ሳይሆን ደሞዙ የሚረክስበትና ትምህርት ቤቱ የሚጨናነቅበት ሠራተኛ ነው አሉ። የቀኝ መንግሥት ያመጣቸውን ከባድ ሕጎች ተቃዋሚ ሆነው ሳለ ደገፉ፤ ከነዚያ መካከል በ2016 የወጣው፣ የጥገኝነት ጠያቂን ከ10,000 ክሮነር በላይ የሆነ ንብረት ለመውረስ የሚፈቅደው ሕግ አለበት። በ2019 ምርጫ ያ የቀኝ ፓርቲ ከ21.1 ወደ 8.7 በመቶ ወረደ፤ በ2022 ወደ 2.6። ፍሬደሪክሰን ሁለቱንም ምርጫ አሸንፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሰውየው ሕጎቹን እንደማይወዳቸው፣ አንዱ ሕግ የእህቱን ልጅ እንዳስለቀሰ ነገረን። ሠርተዋል ወይስ አልሠሩም ከተባለ ግን ሠርተዋል ሲል ዘጋ።

አልደብቅም፣ ሳነበው ወንበሬ ላይ ዝቅ ብያለሁ። አባባሌ ያለቀለት መሰለኝ።

መልስ 5። ስቶክሆልም ያለች የሒሳብ ባለሙያ አስነሣችኝ። የሠራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መልስ 4 የቀኙን ፓርቲ ቁጥር ጠቅሶ የራሳቸውን የሶሻል ዴሞክራቶቹን ቁጥር ለምን እንዳልጠቀሰ ጠየቀች። በ2015 ያገኙት 26.3 በመቶ ነው፤ በ2019 ደግሞ 25.9። ይህ ሁሉ መጠንከር ያስገኘላቸው ጭማሪ ከዜሮ በታች ነው ማለት ነው። በዚህም አላበቃችም። ስዊድንም መጠንከር ተሞክሯል አለች፤ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ማግዳሌና አንደርሾን በ2022 ከምርጫው በፊት ስዊድን ውስጥ የሶማሌዎች ከተማ እንዲኖር አንፈልግም እስከማለት ደርሰው ነበር። ውጤቱ፦ ፓርቲያቸው በ30.3 በመቶ አንደኛ ሆኖ ሳለ መንግሥቱን አጣ፤ ስደተኛ ጠል የሆኑት የስዊድን ዴሞክራቶች ደግሞ 20.5 በመቶ አግኝተው ሁለተኛ ሆኑ። አንደርሾን ያን ሲናገሩ እሷ የተቀመጠችው ሪንከቢ ውስጥ፣ ሶማሌ ጎረቤቷ ባፈላችው ሻይ ላይ ነበር። ያን ዕለት ከጎረቤቷ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት እንዳቃታት ጻፈች።

መልስ 6። የኮፐንሀገኑ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ተመለሰ። ተቆጥቷል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። ቁጥሩ ትክክል መሆኑን አመነ፤ እንዲያውም መልስ 5 ያላየችውን ቁጥር ጨመረላት። ሶሻል ዴሞክራት ባለበት ሲቀር፣ ከግራው የቆመው የሶሻሊስት ሕዝብ ፓርቲ ከ4.2 ወደ 7.7 በመቶ አደገ፤ ለስደተኛ የሚለሰልሰው ራዲካል ቬንስትረ ደግሞ ከ4.6 ወደ 8.6። ከቀኝ የተወሰነ መራጭ መጣ፤ በጭካኔው ያፈረ መራጭ ደግሞ በግራ በኩል ወጣ። የወጣው ግን የትም አልጠፋም። በዴንማርክ ወንበር የሚታደለው በድምፅ ድርሻ ስለሆነ፣ እነዚያ ትናንሽ ፓርቲዎች ፓርላማ ገብተው ፍሬደሪክሰንን ጠቅላይ ሚኒስትር ለማድረግ ደገፉ። እኔ ባመጣሁት ተረት መለሰልኝ፦ ሴትዮዋ የቆጡን ስታወርድ የብብቷ ወደቀ፤ የወደቀው ግን እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው፣ እህቷ አነሣችው። በ2019 መራጩን የሳበው ስደተኛ ብቻ እንዳልሆነም አልሸሸገም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጉልበታቸውን ሲገብሩ የኖሩ ሠራተኞች ቀድመው ጡረታ እንዲወጡ ፍሬደሪክሰን ቃል ገብተው ነበር፤ እሱ በሚሠራበት መጋዘን ምሳ ሰዓት ላይ የሚወራው ከስደተኛው ይልቅ ይህ ነበር።

በዚህ ክር ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ይህ ነው። ጥያቄዬ ራሱ ግማሽ እንደነበር ያሳየኝ እሱ ነው፤ መራጩ ይሄዳል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ የሄደው የት ይወድቃል ብዬ አልጠየቅሁም።

መልስ 7። ማንቸስተር ውስጥ የፖለቲካ ትምህርት የሚማር ወጣት ያንኑ ክር ወደ እንግሊዝ ጎተተው። እዚህ ጓዳ የለም፣ መንገድ ነው አለ። በየወረዳው አንደኛ የወጣ ብቻ ስለሚገባ፣ ከሌበር ወደ አረንጓዴዎቹ ወይም ወደ ሊበራል ዴሞክራት የሄደ ድምፅ ሌበርን አይደግፍም፤ ሪፎርምን ያስገባል። በሜይ 2025 ሪፎርም የረንኮርንና ሄልስቢን መቀመጫ ከሌበር የነጠቀው በስድስት ድምፅ ብልጫ ነው። ስድስት ሰው፤ አንድ የማኅበር ድግስ ላይ አንድ መሶብ የሚከብ ሰው ብዛት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 23 ቀን በዌልስ ኬርፊሊ በተደረገው የማሟያ ምርጫ፣ የሌበር ምሽግ በነበረ ቦታ፣ ሌበር 11 በመቶ ይዞ ሦስተኛ ወጣ። ሪፎርም 36 በመቶ አገኘ። ያሸነፈው ግን 47 በመቶ ያገኘው የዌልሱ ብሔርተኛ ፓርቲ ፕላይድ ካምሪ ነው። ወጣቱ ከዚህ የቀሰመው ነገር ያስኬዳል፦ ሪፎርምን የፈራ መራጭ ሪፎርምን ወደሚመስለው ሳይሆን ሪፎርምን ወደሚያሸንፈው ሮጠ። ከዚያ ግን ሁለት አንቀጽ ሙሉ ስለ መመረቂያ ጽሑፉ አወራ፤ እሱን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 8። ቃናው የተለወጠው እዚህ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለንደን የገቡ አንድ አባት ጻፉ። ሁላችንም የራሳችንን ሆድ ብቻ እያዳመጥን ነው አሉ። እሳቸው ሪፎርምን ለመምረጥ ወስነዋል፤ አያፍሩበትምም። ልጃቸው ሦስት ልጆች ይዛ የምክር ቤት ቤት ለማግኘት ሰባት ዓመት ጠብቃለች፤ በየሆቴሉ ደግሞ ትናንት በጀልባ የመጣ ያድራል። ሥርዓት ያለው አገር በር አለው፣ በር ደግሞ ይዘጋል። ስታርመር ዘግይተው የተናገሩትን ፋራጅ ቀድሞ ተናግሯል፤ ስለዚህ ቀድሞ ለተናገረው እሰጣለሁ አሉ። በመልስ 1 የተነሣው እንግሊዛዊ አስታማሚ የሰጠው መልስ ከእኚህ አባት አፍ ሲወጣ ማየት ግርም ይላል።

መልስ 9 እና 10። አንዲት ሴት ከሰሜን ለንደን፣ ጋሼ ብላ ጀምራ ጋሼነታቸውን እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ወሰደችባቸው። እሳቸው የገቡበት ዘመን ጋዜጣው ሁሉ ኢትዮጵያዊውንም ሶማሌውንም ሐሰተኛ ጥገኛ እያለ የሚጽፍበት ዘመን እንደነበር፣ መንግሥትም በ1993 እና በ1996 በጥገኝነት ጠያቂ ላይ ሕግ ያጠበቀበት ጊዜ መሆኑን አስታወሰቻቸው። ያኔ በሩ በተዘጋ ኖሮ ዛሬ የምክር ቤት ቤት የሚጠብቅ ልጅም የልጅ ልጅም ለንደን ውስጥ ባልኖራቸው ነበር። ፋራጅ በሴፕቴምበር 2025 ቋሚ መኖሪያ የሚባለውን ነገር ጭራሽ አስቀራለሁ ማለቱንም ጨመረች፤ የእሳቸው ማኅበርተኞች ግማሹ ፓስፖርት ያላወጡ፣ በዚያው ወረቀት የሚኖሩ ናቸው። ስታርመር ያንን ዕቅድ ዘረኛ ነው ብለው ማውገዛቸውን ግን ሳትወድ በግድ መሰከረችላቸው።

ቀጥሎ አንድ ሰው መጤ የሚለውን ቃል አነሣ። አገር ቤት ይህ ቃል በሰው ግንባር ላይ ሲለጠፍ ቤት እንደሚያስለቅቅ፣ ከተወለደበት ቀዬ እንደሚያስነቅል ያየን ሰዎች፣ እዚህ መጥተን ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ስንሰማ ማጨብጨባችን አያሳፍርም ወይ አለ። ጨዋነቱ እስከዚህ ነበር። የተረፈው ስድብ ነው፤ አልተርከውም።

መልስ 11 ተሰርዟል። አስተዳዳሪው ብሔርን የሚነካ ስድብ ነበረበት ብሎ ምክንያቱን ጻፈ። እኔ ከመሰረዙ በፊት አይቼዋለሁ፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

መልስ 12። ትኩሳቱን ያበረደው ከኦርሁስ የጻፈ፣ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው። መሪዎች ሲጠነክሩ ሥራው የሚያርፈው ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ብዕር ላይ መሆኑን በራሱ ታሪክ አሳየን። በ2014 በጋ ወደ ዴንማርክ የሚገባው ኤርትራዊ በድንገት በዛ። ያኔ ሥልጣን ላይ የነበሩት እነዚሁ ሶሻል ዴሞክራቶች ናቸው፤ ምርጫ አንድ ዓመት ቀርቷል። በኖቬምበር የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ በሕገ ወጥ መንገድ የወጣ ኤርትራዊ ቢመለስ ያን ያህል አይጎዳም የሚል መንፈስ ያለው ሪፖርት አወጣ። ስማቸው ሳይቀር የተጠቀሰው ምሁር ጋይም ክብርኣብ ቃሌ ተጣሟል ብለው በይፋ ተቃወሙ። ጩኸቱ በዛና ወሩ ሳይሞላ መሥሪያ ቤቱ ወደ ኋላ አለ፤ አብዛኛው ኤርትራዊ ጥገኝነት ማግኘቱ ቀጠለ። እነዚያን ሳምንታት ካምፕ ውስጥ ያሳለፈው ይህ ሰው ነው፤ ሌሊት ማንም አይተኛም ነበር፣ ሪፖርቱን በስልክ ለሚያነብ ሰው ክፍሉ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር አለ። በምርጫው ግን የቀኙ ፓርቲ 21.1 በመቶውን ከማግኘት ምንም አላገደውም።

ይህን ካነበቡ በኋላ የመልስ 8 አባት አንድ ቃል ጻፉ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥር የተሰጠው መልስ ስለሆነ 13ኛ ብዬ እቆጥረዋለሁ።

መልስ 14። ኖቬምበር 27 ሐሙስ ዕለት የመንግሥት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አዲስ ቁጥር አውጥቶ ስለነበር አንድ ሰው ይዞት መጣ። ወደ እንግሊዝ ከገባው ላይ የወጣው ሲቀነስ እስከ ማርች 2023 ባለው ዓመት ከ900,000 በላይ ነበር፤ እስከ ጁን 2024 ባለው ዓመት 649,000 ሆነ፤ እስከ ጁን 2025 ባለው ዓመት ደግሞ 204,000። ከመጀመሪያው ቁጥር ሩብ እንኳ የማይሞላ ነው። መራጩ ግን ይህን አላየም፤ የሚያየው ጀልባውን ነው። በ2024 ሙሉ በጀልባ የገባው 36,816 ሰው ነው፤ ከጠቅላላው አንጻር ጥቂት ቢሆንም ጀልባ ፎቶ አለው፣ ቪዛ ፎቶ የለውም። የጻፈው ሰው ስታርመርን የሚወቅሰው በዚህ ነው፦ ቁጥሩ እየወረደ ሳለ አገሪቱ ልትሰጥም ነው የሚል ድምፅ አሰሙ፤ ሰሚው አደጋውን አመነ፣ መውረዱን ግን አልሰማም።

መልስ 15 እና 16 ከመንገድ ወጥተዋል፤ ግን ደስ ይላሉ። አንዲት እናት የአስተርጓሚውን የእንግዳና የባዕድ ነገር አንሥተው፣ እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ ነው፣ ቀጥሎ ብር፣ ሲሰነብት ደግሞ ጨርቅ ነው ሲባል መስማታቸውን ጻፉ። ሌላው ደግሞ በእነሱ አገር መጨረሻው ጨርቅ ሳይሆን መዳብ ነው ብሎ ተከራከረ። በጨርቅና በመዳብ ላይ በድምሩ ዐሥራ ሁለት ትናንሽ ምላሾች ተጽፈዋል፤ ከጎጃምም ከሸዋም ምስክር ተጠርቷል። አስተርጓሚው ተመልሶ፣ ሃያ ዓመት ጠብቆ ቋሚ መኖሪያ የሚያገኝ ሰው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 17። የኮፐንሀገኑ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ በዚህ ጊዜ መክፈቻዬን ሊያርም። ኮፐንሀገን የጠፋችው በስደተኛ ፖሊሲ ብቻ ነው ብዬ ያስመሰልሁትን አልተቀበለም። ከተማዋ ውስጥ የቤት ኪራይ ወጣቱን አባሮታል፤ ፓርቲው ከብሔራዊ ፖለቲካ አምጥቶ ያቆማቸው ዕጩም አልተወደዱም። አዲሷ ከንቲባ የመጡት ከዚያው፣ በመልስ 6 ከተነሣው የሶሻሊስት ሕዝብ ፓርቲ ነው። ነገር ግን በመላ አገሪቱም ሶሻል ዴሞክራት በ2021 ከነበረው 28.4 ወደ 23.2 በመቶ ወርዷል፤ ሞቷል የተባለው የቀኙ ፓርቲም ማንሰራራት ጀምሯል። ምክንያቱን ሲናገር አንድ ነገር ጠቆመ፦ ፍሬደሪክሰን ከ2022ቱ ምርጫ በኋላ የገዙት ከመሐልና ከቀኝ ፓርቲዎች ጋር ተጣምረው ነበር። ስለዚህ በመልስ 6 የነገረን ጓዳ ፈርሷል። የብብቱን የምታነሣው እህት አሁን ከቤት ውጭ ናት፣ ያነሣችውንም ለራሷ ይዛዋለች።

ማህሙድ ከዴንማርክ የቀዱት እንግዲህ የ2019ኙን ዴንማርክ ነው። ይህን የምለው እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።

መልስ 18። ከግላስጎ የጻፈ ሰው ሁላችሁም ስለ መራጭ ታወራላችሁ፣ ከመካከላችሁ ድምፅ ያለው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ለእንግሊዝ ፓርላማ የሚመርጠው ዜጋው፣ የአየርላንድ ሰውና የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ ነው። የነርሷ ናይጄሪያዊት ጓደኛ በቪዛ እያለች ትመርጣለች፤ ኬንያዊውም ጋናዊውም። ሩዋንዳ በ2009 ኮመንዌልዝ ስለገባች፣ እንግሊዝ ስደተኛን ልትልክባት ያሰበችው አገር ዜጋ ለንደን ውስጥ ይመርጣል። ኢትዮጵያዊውና ኤርትራዊው ግን ዜግነት እስኪያገኝ አይመርጥም፤ የዜግነት ማመልከቻው ብቻ ከ1,600 ፓውንድ በላይ ነው። ፖለቲከኞቹ እኛን ሲያነሡ የማይፈሩት ለዚህ ነው የሚል ምሬት ነበረበት። ስኮትላንድና ዌልስ ግን የተለዩ ናቸው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የማንኛውም አገር ሰው ለራሳቸው ፓርላማና ለአካባቢ ምክር ቤት መምረጥ ይችላል።

መልስ 19። እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ስታነብ የነበረች፣ ካርዲፍ የምትኖር ልጅ ወጣች። የስደተኛ ወረቀት ካገኘች ሁለት ዓመት ሆኗታል። መልስ 18 እውነት ከሆነ እሷም በሜይ 7 ቀን 2026 ለዌልስ ፓርላማ ትመርጣለች ማለት ነው ወይ፣ ፓስፖርት ካልያዝሽ ብለው ይመልሱኛል ወይ ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ውስጥ አራት ጊዜ ይቅርታ አለ።

መልስ 20። የግላስጎው ሰው ቁጣውን ትቶ እንደ ታላቅ ወንድም መለሰላት። መመዝገቢያው በኢንተርኔት ነው፤ የብሔራዊ መድን ቁጥሯን፣ አድራሻዋንና የልደት ቀኗን ትሞላለች፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ለዌልስ ፓርላማ ምርጫ ፎቶ ያለው መታወቂያ አይጠየቅም። ዜግነት የሚለውን ሳጥን ኢትዮጵያዊ ብላ ትሙላ፣ አትፍራ።

መልስ 21። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ መመዝገቧን ጻፈች። የመልስ 8 አባት የመጀመሪያዎቹ ሆነው እንኳን ደስ ያለሽ አሏት፤ ቀጥለው ማንን እንደምትመርጥ ጠየቁ። እስካሁን አልመለሰችም።